ከትምህርት ቤት የተላከ ልጅ፦ «አይገባውም» ከሚለው ቃል በፊት የሚደረግ ምዘና

አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል እንበል። እናቱ ከመምህሩ የተሰጣቸውን ቁራጭ ወረቀት ያቀርባሉ፤ በወረቀቱ ላይ «ትምህርት አይገባውም፣ ክፍል ውስጥም ይረብሻል፣ ይመርመርልን» የሚል ሰፍሯል። ልጁ ትኩሳትም ሆነ ሳል የለበትም፤ ክብደቱም ለዕድሜው የሚያሰጋ አይደለም። ከበሩ ውጭ ደግሞ ረዥም ተራ አለ። በዚህ ሁኔታ በካርዱ ላይ «የአእምሮ ዕድገት ዝግመት» ብሎ ጽፎ ማሰናበት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ይሁንና የተጻፈው ቃል ካርዱ ላይ ተቀምጦ አይቀርም። መምህሩ ያነበዋል፤ የሚቀጥለው ዓመት መምህርም ይሰማዋል፤ ቤተሰቡ ከልጆቹ መካከል ማንን ማስተማር እንደሚችል በሚያሰላበት ጊዜም ይታወሳል። መምህር «ሰነፍ» ያለው ልጅ በሌላ መምህር እጅ ስሙን ሊያድስ ይችላል፤ የጤና ተቋም ማኅተም ያረፈበትን ቃል ግን ደፍሮ የሚሰርዝ ሰው አይገኝም።

የልጆችን ጠባይ፣ የትምህርት አቀባበልና ምዘና የሚያጠናው የትምህርት ቤት ሥነ ልቡና ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረ ጉዞው ከደረሰባቸው ነገሮች ዋነኛው፣ አንድ ውጤት የሚናገረው ልጁ በዚያ ቀን፣ በዚያ መሣሪያ ምን እንደሠራ እንጂ ምን መማር እንደሚችል አለመሆኑ ነው። ይህ ዕውቀት በየትምህርት ቤቱ የሥነ ልቡና ባለሙያ ለሌለበት አገር የጤና ባለሙያ ይበልጥ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆሮ፣ ዓይን፣ ጥቂት ሰከንዶች

ማንኛውም የችሎታ ምዘና ከመታሰቡ በፊት ልጁ መስማቱና ማየቱ መረጋገጥ አለበት። ይህ ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ነው። ከጆሮው መግል እየፈሰሰ ዓመታትን ያሳለፈ ልጅ ፈጽሞ ደንቆሮ አይሆንም። ድምፅ ይሰማል፤ ሲጠሩትም ዞር ይላል። የሚያመልጠው የቃላቱ ዝርዝር ነው፤ በተለይ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ከኋላ ሲቀመጥ። የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ይመልሳል፤ ጓደኛውን «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅም ረባሽ ይባላል። እናቱ «ይሰማል ወይ?» ተብለው ቢጠየቁ «አዎን» ይላሉ፤ አልዋሹም። በባንግላዴሽ፣ በጃማይካና በፓኪስታን የተሞከረው፣ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀው የዐሥሩ ጥያቄዎች መጠይቅም ይህንኑ አሳይቷል። መጠይቁ ከባድ የአካልና የአእምሮ ጉዳቶችን በሚገባ ይለያል፤ ቀደም ብሎ ያልታወቀን የመስማትና የማየት ችግር ግን ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። ስለዚህ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ባለሙያው ከልጁ ጀርባ አንድ የተዘረጋ እጅ ያህል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል፤ የልጁን አንድ ጆሮ በጣቱ ይዘጋና ልጁ በሚናገረው ቋንቋ የሚያውቃቸውን ቃላት በሹክሹክታ ይናገራል። ልጁ የሰማውን ይደግማል፤ ከዚያም ሌላው ጆሮ በተራው ይታያል። መድገም ያቃተው ልጅ ጆሮው በኦቶስኮፕ ታይቶ፣ እንደ ሁኔታው ታክሞ፣ ለመስማት ምርመራ መላክ ይኖርበታል። ዓይንም በ6 ሜትር ርቀት በሚሰቀለው የስኔለን ሰንጠረዥ ይታያል። ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ሁልጊዜ ኮራጅ አይደለም።

ሦስተኛው በቀላሉ የሚሳተው ነገር የሚጥል በሽታ ነው፤ ያውም የማይጥለው ዓይነት። አብሰንስ የሚባለው የሚጥል በሽታ በአብዛኛው ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ልጁ አይወድቅም፣ አይንቀጠቀጥም። ንግግሩን ወይም ጽሕፈቱን ያቋርጥና ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ ያያል፤ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። በቃል ጽሕፈት ላይ በየመስመሩ መካከል ቃላት የሚጎድሉት ልጅ «ልቡ እዚህ የለም» ይባላል። የልብ ወይም የሳምባ ሕመም የሌለበትን ልጅ ለ3 ደቂቃ ያህል በፍጥነትና በጥልቀት እንዲተነፍስ ማድረግ፣ ሕክምና ባልጀመረ ልጅ ላይ ክስተቱን በክሊኒኩ ውስጥ ያመጣዋል። በባለሙያው ፊት ቆጠራውን አቋርጦ የፈዘዘ ልጅ የምርመራው ግማሽ አልቋል ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን አይረዱም፤ ሊያባብሱትም ይችላሉ።

ፌኖባርቢታል ከተነሣ ደግሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ በመሆኑ ብዙዎችን ከመውደቅና ከመቃጠል አድኗል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም በሕፃናት ላይ መነጫነጭና ዕረፍት ማጣትን ያስከትላል። በአሜሪካ በትኩሳት ሳቢያ የሚንቀጠቀጡ ሕፃናትን ይዞ በ1990 የታተመ ጥናት፣ ለሁለት ዓመት ፌኖባርቢታል እንዲወስዱ የተመደቡት ልጆች የማሰብ ችሎታ መለኪያ ውጤት አማካይ፣ የማስመሰያ ክኒን እንዲወስዱ ከተመደቡት በ8.4 ነጥብ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። እንግዲህ «ይረብሻል፣ አይገባውም» ተብሎ የተላከው ልጅ የሚወስደው መድኃኒት ካለ መጠየቅ ግዴታ ነው። መድኃኒቱን ግን በድንገት ማቋረጥ አይገባም።

ከዚህ ሌላ የደም ማነስ፣ የአዮዲን እጥረት፣ ቁርስ ሳይበሉ መዋልና እንቅልፍ ማጣት የልጅን ትኩረትና ትምህርት እንደሚጎዱ በሚገባ ይታወቃል። ቀደም ሲል የያዘው የማጅራት ገትር ወይም አንጎልን የነካ ወባ መኖሩም ይጠየቃል።

የመለኪያው ታሪክ

አካላዊ ምክንያት ካልተገኘ ቀጥሎ የሚታሰበው የማሰብ ችሎታ መለኪያ ነው። የመጀመሪያው የተሳካ መለኪያ በ1905 በፓሪስ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አዘጋጆቹም የሥነ ልቡና ተመራማሪው አልፍሬድ ቢኔና ሐኪሙ ቴኦዶር ሲሞን ነበሩ። ሥራው የተጀመረው የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስቴር በ1904 ያቋቋመው ኮሚሽን፣ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች የሚለዩበትን መንገድ በመፈለጉ ነው። ቢኔ መለኪያውን ያዘጋጁት ልጆችን ከትምህርት ለማውጣት ሳይሆን የሚረዱትን ለማወቅ ነበር። በ1909 ባሳተሙት መጽሐፋቸውም፣ የልጅ የማሰብ ችሎታ የማይለወጥ ቋሚ መጠን ነው የሚለውን አመለካከት ተስፋ አስቆራጭ ነው ብለው አጥብቀው ተቃውመዋል። በ1911 ቢኔ ሞቱ። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የልጁን የአእምሮ ዕድሜ ለትክክለኛ ዕድሜው የማካፈልን ሐሳብ አመጡ፤ በ1916 ደግሞ በአሜሪካ ሉዊስ ተርማን መለኪያውን አስፋፍተው አሳተሙት። ለእርዳታ የታሰበው መሣሪያ ከዚህ በኋላ ለብዙዎች የልጁ ቋሚ ማንነት የተጻፈበት ቁጥር ሆነ።

ቢኔ ጥያቄዎቻቸውን ያወጡት ከፓሪስ ልጆች ሕይወት ነው። የእነርሱ መለኪያ ለፓሪስ ልጅ ትርጉም ነበረው። ጥያቄው ሌላ ቦታ ሲወሰድ ምን እንደሚለካ ነው።

ሥዕል፣ ሽቦና ጭቃ

ብዙ ክሊኒኮችን የሚማርከው «ሰው ሣል» የሚለው ፈተና ነው። በ1926 ፍሎረንስ ጉድኢናፍ ያዘጋጁት ሲሆን ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል። ቋንቋ አያስፈልገውም በመባሉም ለሁሉም ሕዝብ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን ወረቀት ራሱ ቋንቋ ነው። በ1972 በታተመ ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከመንገድ ርቀው ይኖሩ ለነበሩ የሜኒት ተወላጆች ከሕፃናት ማቅለሚያ ደብተር የተወሰደ ገጽ ተሰጥቷቸው ነበር። ወረቀትን ከዚያ በፊት የማያውቁት ሰዎች ገጹን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ እያጣጠፉ ድምፁን አዳመጡ፣ ቀመሱትም፤ በላዩ ያለውን ሥዕል ግን ልብ አላሉትም። ተመራማሪዎቹ በኋላ የእንስሳቱን ሥዕል ተሳታፊዎቹ በሚያውቁት በጨርቅ ላይ አትመው ሲያቀርቡት፣ አብዛኞቹ ጅራቱን፣ እግሩን፣ ቀንዱን እየቆጠሩ እንስሳውን ለዩት። በሁለቱ ሙከራዎች መካከል የተለወጠው የሰዎቹ አእምሮ አልነበረም።

ሮበርት ሰርፔል በ1979 ያሳተሙት ጥናት ይህን ይበልጥ አጥርቶ ያሳያል። በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካና በእንግሊዝ ማንቸስተር የሚኖሩ ልጆች አንድን ቅርጽ አይተው እንዲደግሙ ተጠየቁ፤ በእርሳስ በመሣል፣ በሽቦ በመሥራትና በጭቃ በመቅረጽ። በእርሳስ የእንግሊዝ ልጆች በለጡ። በሽቦ የዛምቢያ ልጆች በለጡ። ሁለቱም በሚያውቁት በጭቃ ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም። የሽቦ መኪና እየነዳ ያደገ ልጅ ባለበት አገር ይህ ውጤት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። በዛምቢያም ከዚህ ተነሥቶ «ሰው ሣል» በማለት ፈንታ ልጁ በጭቃ ሰው እንዲሠራ የሚጠይቅ የአገር ውስጥ ፈተና ተዘጋጅቷል።

ሰርፔል በምሥራቅ ዛምቢያ የቼዋ መንደሮች ያደረጉት ሌላ ጥናት ለጤና ባለሙያ ይበልጥ ይቀርባል። የመንደሩን አዋቂዎች የጠየቋቸው ስለ ፈተና ሳይሆን፣ አንድ ጉዳይ ቢኖራቸው ከመንደሩ ልጆች ማንን እንደሚልኩና ለምን እንደሚመርጡት ነበር። አዋቂዎቹ «ንዜሉ» ብለው የሚጠሩት ብልህነት ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን ታማኝነትንና ሲላኩ መልእክትን በአግባቡ ማድረስን ያካተተ ሆኖ ተገኘ። ልጅን መላክ በኢትዮጵያም የየቀኑ ነገር በመሆኑ ይህ ጥያቄ እዚህም ይሠራል። «ሱቅ ሲላክ የተባለውን ያመጣል? መልሱን ቆጥሮ ይቀበላል? ታናሹን ብትተዉለት ይጠብቃል? ከብት ቢያግድ ሳያስጠፋ ይመለሳል?» ተብለው እናቱ ቢጠየቁ የሚሰጡት መልስ በጥድፊያ ከተገኘ ነጥብ ይበልጣል። ይህ የልማድ ምክር ብቻም አይደለም። የአእምሮ ዕድገት ዝግመት የሚባለው የማሰብ ችሎታ ማነስ ብቻውን ሳይሆን ከዕለት ተዕለት ኑሮ ክህሎት ማነስ ጋር ተዳምሮ፣ በዕድገት ዘመን ሲጀምር ነው። መልእክት አድራሽ፣ ገንዘብ ቆጣሪ፣ ከብት ጠባቂ የሆነ፣ ነገር ግን ፊደል ያቃተው ልጅ ችግሩ በንባብ ላይ ብቻ የተወሰነ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የሚማርበት ቋንቋ በቤቱ የማይነገር ይሆናል።

አስተምሮ መመዘን

በአንድ መቀመጫ ከሚወጣ ነጥብ ሌላ መንገድ ያቀረቡት በ1921 በሩማንያ ተወልደው በ2014 በኢየሩሳሌም ያረፉት ሬውቨን ፎየርሽታይን ናቸው። በ1950ዎቹ ከሰሜን አፍሪካና ከአውሮፓ ወደ እስራኤል የሚሄዱ ልጆችን ሲመረምሩ፣ በፈተና እጅግ ዝቅተኛ ውጤት ያገኙ ልጆች ጥቂት ሲታገዙ ቶሎ እንደሚማሩ አስተዋሉ። ስለዚህ ምዘናውን ለሦስት ከፈሉት፦ ልጁ በመጀመሪያ ብቻውን ይሞክራል፤ ቀጥሎ መዛኙ ያስተምረዋል፤ በመጨረሻም ተመሳሳይ፣ ግን አዲስ ጥያቄ ይሰጠዋል። የሚታየው የመጀመሪያው ነጥብ ሳይሆን በመካከሉ የመጣው ለውጥ ነው። በ1934 የሞቱት ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪም ልጅ ብቻውን በሚሠራውና ታግዞ በሚሠራው መካከል ያለው ርቀት መታየት እንዳለበት አስቀድመው ጽፈው ነበር።

ይህ ዘዴ ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኘበት አጋጣሚ አለ። በ1984 እና 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓታት ገደማ በተጓጓዙበት የሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል የደረሱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ ከገጠር ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ገቡ። በተለመደው መለኪያ ሲመዘኑ ዝቅተኛ ነጥብ አገኙ። በ1999 የታተመው የዳቪድ ጹሪኤልና የባልደረባቸው ጥናት የአንደኛ ክፍል ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልጆችን በእስራኤል ከተወለዱ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጽሯል። ከማስተማሩ በፊት ልዩነቱ ሰፊ ነበር፤ አጭር ትምህርት ከተሰጠ በኋላ ግን በእጅጉ ጠበበ። በመጀመሪያው ነጥብ ብቻ ተወስኖ ቢሆን ኖሮ፣ ከእነዚህ ልጆች ስንቱ ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል ይመደብ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ዘዴው ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ውጤቱ በመዛኙ ችሎታ ላይ ይመሠረታል፤ ሁለት መዛኞች አንድ ልጅ ላይ ሁልጊዜ አይስማሙም። የለውጡም ከፊሉ ፈተናውን ከመልመድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ደጋፊዎቹ ከሚሉት በላይ ተስፋ ሊጣልበት አይገባም። ነገር ግን ፍሬ ሐሳቡ በጠባብ ክሊኒክ ውስጥ እንኳ ይሠራል። ልጁ የማያውቃቸውን ሦስት ፊደላት ወይም አንድ የመደመር ስልት ለ10 ደቂቃ አስተምሮ፣ እናቱ ካርድ እስኪያወጡ ወይም ከላቦራቶሪ እስኪመለሱ ጠብቆ እንደገና መጠየቅ ይቻላል። ሦስቱን ያስታወሰ ልጅ «አይገባውም» ሊባል አይችልም፤ እስካሁን በሚገባው መንገድ አልተነገረውም ማለት ነው።

«ይረብሻል» ሲባል

ጠባይን መመዘንም ከችሎታ ያላነሰ ጥንቃቄ ይሻል። መሣሪያው ሲለወጥ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ በአገራችን የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ያሳያሉ። በ1999 የታተመው የአምቦ ወረዳ ጥናት ለወላጆች በሚቀርቡ 10 አጫጭር ጥያቄዎች ተጠቅሞ የጠባይ ችግር ያለባቸውን ሕፃናት 17.7 በመቶ አድርሷቸዋል። በ2001 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ደግሞ በዝርዝር የምርመራ ቃለ መጠይቅ 3.5 በመቶ አግኝቷል። ቦታው ይለያያል፤ ይሁን እንጂ ይህን ያህል ልዩነት በቦታ ብቻ አይገለጽም። አጭሩ መጠይቅ ማጣሪያ ነው፤ ተጨማሪ መታየት ያለበትን ልጅ ይጠቁማል እንጂ በሽታ አይሰይምም።

ትኩረት ማጣትና ከልክ በላይ መንቀዥቀዥ የሚባለው ችግር በ2013 በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ መሠረት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ለ6 ወራት የቆዩና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም የሚታዩ መሆን አለባቸው። በክፍል ብቻ የሚረብሽ፣ በቤት ግን ረጋ ያለ ልጅ መስፈርቱን አያሟላም፤ በክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ዱላም ይሁን ፌዝ፣ መጠየቅ አለበት። ዕድሜም ይታያል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር የተደረገና በ2012 የታተመ ጥናት፣ የክፍል መግቢያ ዕድሜ በታኅሣሥ መጨረሻ በሚቆረጥበት ሥርዓት፣ በዲሴምበር የተወለዱ፣ ማለትም በክፍላቸው ታናሽ የሆኑ ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ ይህ ችግር አለባቸው የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ፣ ሴቶች ደግሞ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በሽታ ሆኖ የተመዘገበው፣ ቢያንስ በከፊል፣ የጥቂት ወራት ልጅነት ነበር። የልደት የምስክር ወረቀት በሌለበት፣ በአንድ ክፍል የ7ና የ11 ዓመት ልጆች አብረው በሚቀመጡበት ቦታ ይህ ስሕተት ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ «ዕድሜው ስንት ነው?» ብሎ በካርዱ ላይ ከመሙላት ይልቅ፣ ልጁ የተወለደው ከየትኛው በዓል ወይም የአዝመራ ወቅት ጋር እንደሆነ ጠይቆ ማስላት ይበጃል።

ለመምህሩ የሚመለሰው ወረቀት

በምርመራው መጨረሻ እውነተኛ የአእምሮ ዕድገት ዝግመት ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ መደበቅ ለልጁ አይጠቅምም፤ ቤተሰቡ በጊዜ ያውቅና ልጁ በአቅሙ ልክ ይማራል። በብዙ ልጆች ላይ ግን የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ወይም በአንድ ቀን የማይታወቅ ነው። ለመምህሩ የሚመለሰው ወረቀት የበሽታ ስም ሳይሆን የታየውንና የሚደረገውን ቢይዝ ይመረጣል። በመነሻው ለተጠቀሰው ልጅ የሚጻፈው ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በግራ ጆሮው ሹክሹክታ አይሰማም፤ መግል ስላለበት ሕክምና ተጀምሯል። ከፊት ረድፍ፣ ቀኝ ጆሮው ወደ መምህሩ እንዲሆን ተደርጎ ይቀመጥ። ሲነገረው ፊቱ ወደ ተናጋሪው ይሁን። ዛሬ በ10 ደቂቃ ሦስት አዳዲስ ፊደላት ተምሮ አስታውሷል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዞ ይመለስ።»